የራሴን ዕቃ አጥበው መልሰው ሸጡልኝ

ከጋራዡ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ። 73 ሺህ ብር የከፈልኩበት የመኪና ዕቃ የራሴው ሆኖ ተገኘ። አዎ፣ የራሴ። ከመኪናዬ ፈትተው፣ በቤንዚን ወልውለው፣ ላስቲክ ውስጥ ከትተው፣ "ከዱባይ የመጣ ነው" ብለው ለእኔው ሸጡልኝ። እኔም አመስግኜ፣ ለልጆቹ የሻይ ብዬ አምስት መቶ ጥዬ ወጣሁ።

መኪናዬ የ2012 ሼቭሮሌት ክሩዝ ናት። ከነሐሴ ጀምሮ ጠባይዋ ተበላሸ። ፍሬቻ ሳሳይ ሬዲዮው ይጠፋል። በሩ ሳልነካው ይቆለፋል። ማታ መብራት አብርቼ መስታወት ልዝጋ ስል የዳሽቦርዱ መብራት እንዳለ እንደ ገና ዛፍ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ቀን ጭራሽ ቀለበት መንገድ ላይ እየሄድኩ መሪው ከበደኝና ላቤ ጠብ አለ። ከዚያ በኋላ ነው መቼም ይሄ የቀልድ አይደለም ብዬ ጋራዥ የወሰድኳት።

የጋራዡን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ዘይትና ቆሻሻ የሌለበት፣ ሶፋ ያለው፣ ገና ቁጭ ሳትሉ ማኪያቶ የሚመጣበት፣ ባለቤቱ ከመኪናው ይልቅ ስልኩን የሚያይበት። አንዱ ልጅ ታብሌት ይዞ መጣ፣ ከመሪው ሥር ሰካና ሃያ ምናምን የብልሽት ኮድ አወጣ። ሁሉም ቀይ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረውና "ጋሼ፣ ቦዲ ኮንትሮል ሞጁሉ አልቆለታል። ክረምቱን ውሃ ገብቶበት ነው" አለኝ። ለማታውቁት፣ የበሩን ቁልፍ፣ መስታወቱን፣ ፍሬቻውን፣ ዝናብ መጥረጊያውን፣ የውስጥ መብራቱን የሚያዘው ሳጥን ነው። በዚህች መኪና ላይ ደግሞ ቁልፉን አውቆ "ተነሺ" የሚላትም እሱ ነው። ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር አንድ አካል ነው፣ ከመሪው በስተግራ ካለችው ትንሽ ዕቃ ማስቀመጫ ጀርባ።

ሃያ ኮድ ያየ ሰው ምን ይከራከራል? አመንኩ።

መኪናዋን ሦስት ቀን አቆዩአት። የመጀመሪያው ቀን "ልጅ ሶማሌ ተራ ልከናል"፣ ሁለተኛው ቀን "የለም አሉን፣ ከዱባይ የገባ አንድ ሰው ጋ አለ"፣ ሦስተኛው ቀን "ተገኝቷል፣ ግን ሌላ ፈላጊ አለው፣ አሁን ይወስኑ"። እኔም ሌላው ፈላጊ እንዳይቀድመኝ ሥራዬን ጥዬ በታክሲ በረርኩ።

አሁን ያቺን ሰዓት ደጋግሜ አስባታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል። ጥቁር ሳጥን፣ የሚያብረቀርቅ፣ የቤንዚን ሽታው ገና ያልለቀቀው። ሽቶኛል እኮ! ሽቶኝ "ዕቃው ንጹህ ነው" ብዬ አሰብኩ። ባለቤቱ አንስቶ በእጄ ሰጠኝ። "ያዘው ወንድሜ፣ ክብደቱን እየው፣ ኦሪጂናል እንዲህ ነው" አለኝ። መዘንኩት። የራሴን ዕቃ በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ ሕፃን ከፍ ዝቅ አድርጌ፣ "እውነትም ኦሪጂናል" አልኩ። ጥግ ላይ ነጭ ስቲከር ተለጥፎበታል፣ ቀን ተጽፎበታል፣ "6 ወር ዋራንቲ" ይላል። ልጁ ጣቱን ቀስሮ "ይቺ ከተነሳች ዋራንቲ የለም፣ ስቲከሯን እንዳትነኩ" አለኝ። እሺ አልኩ። እንዲያውም ለሚስቴ ስነግራት ደስ እያለኝ ነው "ስቲከር ሳይቀር አለው" ያልኳት።

68 ሺህ ብለው በ62 ተስማማን። ለፕሮግራም 8፣ ለእጅ ሥራ 3። ታብሌቱን ሰክተው መስመሩ ከዜሮ እስከ መቶ ሲሞላ አሥር ደቂቃ ያህል አብሬያቸው ቆሜ አየሁ። መቶ ሲሞላ ልጁ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ።

አሮጌውን ስጡኝ ስል ባለቤቱ ሳቀ። "የተቃጠለ ዕቃ ምን ያደርግልሃል? ቆሻሻ ሄዷል" አለ። ደረሰኝ ስል ደግሞ "በደረሰኝ ከሆነ ቫት አለው፣ 15 ፐርሰንት ትጨምራለህ፣ እንደፈለግክ" አለኝ። እኔ ብልጡ፣ አስልቼ 11 ሺህ አተረፍኩ ብዬ ያለ ደረሰኝ ከፈልኩ። እዚህ ላይ የምትሰድቡኝ ካላችሁ ስደቡኝ።

አራት ቀን ሠራች። በአምስተኛው ቀን ፍሬቻ ሳሳይ ሬዲዮው ጠፋ።

ደወልኩ። "ባትሪው ነው፣ አዲስ ባትሪ ግዛ" አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ሰፈራችን ሸራ ወጥሮ የሚሠራ ኤሌትሪሺያን አለ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ባትሪ ከመግዛቴ በፊት ያየው ብዬ ወሰድኩለት። ታብሌት የለውም። ቴስተር አወጣ። መብራት ያብሩ አለኝ፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ ብረት ላይ አደረገ። "እዚህ ጋ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት" አለ። ቴስተሩ አንድ ቮልት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ኬብሉን ከባትሪው ማሰሪያ አጠገብ ያዝ አድርጎ ነቅነቅ ሲያደርገው ዳሽቦርዱ ያንን የገና ዛፉን አመጣ። ሲለቀው ጠፋ። ሲነቀንቀው መጣ።

በቃ። የኔጌቲቩ ገመድ ማሰሪያው ውስጥ ላልቷል። ሁለት ወር ያሳበደኝ እሱ ነው። ኮዶቹም ውሸት አልነበሩም፣ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ሞጁሉ ሁሉ በየፊናው ይጮሃል፤ ታብሌቱ ጩኸቱን እንጂ ያስጮኸውን አያሳይም። አራቱን ቀን የሠራችውም ሊፈቱ ባትሪውን ሲነቅሉና መልሰው ሲያስሩ ገመዱ ለጊዜው ስለያዘ ነው። ቨርጂኒያ ላለው ወንድሜ ስነግረው ደግሞ አበደብኝ። የታወቀ የክሩዝ በሽታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሼቭሮሌት አምራቹ ጂኤም ራሱ ከ2011 እስከ 2015 ለተሠሩት ይሄንኑ ኬብል ለ10 ዓመት ወይም ለ120 ሺህ ማይል በነፃ እቀይራለሁ ብሎ ነበር። በነፃ!

ገና አላለቀም። ልጁ "ሞጁሉ ተቀይሯል ነው ያሉኝ? ፕሮግራሙን ማን ጻፈላት?" አለኝ። የታብሌቱን ነገር ነገርኩት። ፊቱ ጠየም አለ። ከሌላ መኪና የወጣ ሞጁል ቁልፏን አያውቃትም፣ ከኩባንያው ሲስተም ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ ካልተጻፈ አትነሳም፣ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የድሮ መኪናውን ቁጥር ይዞ ግግም ይላል አለኝ። ትንሿን ማስቀመጫ አወጣና በስልኩ መብራት ውስጡን ማየት ጀመረ። "ይቺ ስቲከር ምንድን ናት? ምን ልትሸፍን ነው?"

እንዳትነካት ልለው አፌን ከፈትኩ። ዋራንቲው ይበላሻል ብዬ!

በጥፍሩ ላጣት። ከሥሯ ቀይ ነጥብ አለች።

አምና የስልክ ቻርጀር የምሰካበት ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግረኝ፣ ቦታውን ቶሎ እንዳገኘው ብዬ በሚስቴ ኩቴክስ ከፊውዙ አጠገብ ነጥብ አድርጌ ነበር። ነጥብ ለማድረግ ስሞክር እጄ ስቶ ትንሽ ጭራ አበጀ፣ ኮማ መሰለ። ያቺው ኮማ ናት። ቤንዚን ኩቴክስ አያስለቅቅም። ሊፍቁት ሞክረዋል፣ ዙሪያውን ጭረት አለው፤ ሲያቅታቸው ዋራንቲ ለጠፉበት። ወንበሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ አንገቴን አጣምሜ፣ አንዲት ቀይ ኮማ ላይ አፍጥጬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ልጁ ምንም አላለኝም። ውሃ አመጣልኝ።

ገመዱን ቆርጦ አዲስ ማሰሪያ አሰረለት። 1,200 ብር። ጨምሬ ልሰጠው ስል አልቀበልም አለ።

ከዚያ በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። ማኪያቶ አልመጣም። ባለቤቱ ፎቶውን አየና ስልኬን በሁለት ጣት መለሰልኝ። "ወንድሜ፣ ኩቴክስ የማን ሚስት የላትም?" አለ። ልጆቹ ሳቁ። ያ አጨብጫቢው ጭምር ሳቀ። "ደረሰኝ አለህ? ስቲከሩንስ ማን አነሳው? ስቲከሩን ካነሳህማ በቃ።" ከዚያ እኔ እዚያው ቆሜ፣ እየሰማሁት፣ አዲስ የገባችውን ሴትዮ "የኔ እመቤት፣ ይቀመጡ፣ ምን ሆነችብዎት?" አላት። ሴትዮዋን ላስጠነቅቃት ስል ዘበኛው ክንዴን ያዘ።

ጠበቃ ጓደኛዬ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 813/2006 ነው፣ ክሰስ ይለኛል። በምን ደረሰኝ? 11 ሺህ ብር ያተረፍኩበት ደረሰኝ።

እናንተ ግን መብራት ብልጭ ድርግም ካለባችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ አስነቅንቁ። ዕቃ ከማስፈታታችሁ በፊት የማይታይ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉና ፎቶ አንሱት፣ አሮጌውን ሳትቀበሉ ገንዘብ አትስጡ። ደረሰኙን ደግሞ ቫቱን ከፍላችሁ ውሰዱ።

ስቲከሯ እኔ ጋ ናት። ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌያታለሁ። ዋራንቲው እስከ መጋቢት ይሠራል ይላል።