ኬብል ወይስ ዋይፋይ? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

"ኮምፒውተሬን በኬብል ላገናኘው ወይስ በዋይፋይ?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ፣ ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህችን ነው የምልክለት። ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛው የማይነሳ ከሆነ፣ ኬብል። ለስልክ ዋይፋይ ይበቃል።

ዋይፋይ ርካሽ የሚመስለው ራውተሩ ቀድሞ ስለተገዛ ነው። ሲግናሉ የኋላ ክፍል አልደርስ ሲል ወጪው ይጀምራል፤ መጀመሪያ ዶንግል (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ)፣ ቀጥሎ ኤክስቴንደር (ሲግናሉን ተቀብሎ አርቆ የሚያስተላልፍ)፣ እሱም አልሆን ሲል ሌላ ራውተር። ርካሹ ኤክስቴንደር ደግሞ የሚቀበለውም የሚያስተላልፈውም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቆርጠዋል። ዶንግሉ ካርቶን ላይ በሰከንድ 1200 ሜጋቢት የሚለው የሁለት ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ መደብ፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ) ፍጥነት ተደምሮና ተጠጋግቶ ነው፣ 300 እና 867። የሚሰራው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ዩኤስቢ 2 ከሆነማ ከ480 አያልፍም። ሁሉንም ደምሩና ከኬብል ዋጋ ጋር አስተያዩት።

ኬብል ላይ ግን ፎርጅድ አለ፣ ያውም በሽ በሽ። ላዩ ላይ ካት 6 (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው) ተጽፎበት ውስጡ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አንዷን ቀጭን ሽቦ ላጡና በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጓት፤ ነጭ ብረት ብቅ ካለ መልሱለት። ጥቅሉ ሲያነሱት ቅልል ካለም ጠርጥሩ። ይሄ ሽቦ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቀንጠስ ይላል፣ ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አይታወቅም። ከስምንቱ ሽቦዎች አንዷ ስትበጠስ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ ከ1000 ወደ 100 ሜጋቢት ወርዶ መስራቱን ይቀጥላል። ኢንተርኔቱ ስላልጠፋ ኬብሉን ማን ይጠረጥራል? አንድ ወዳጄን ባለሙያ ተብዬው "ራውተሩ ሞቷል" ብሎ አዲስ አስገዛው፤ ችግሩ ለካ የኬብሉ ራስ (ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መሰኪያ) ነበር። ራሱን ቆርጦ በክሪምፐር (ራሱን ኬብሉ ላይ በሚጨምቅ ፒንሳ) ሌላ መግጠም የደቂቃዎች ስራ ነው፣ ፕላስቲኳም ዋጋ የላትም። ዶንግል ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ መጣል ነው።

ካት 6 ካልሆነ ብላችሁም አትጨነቁ። ንጹህ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ (ከካት 6 ዝቅ ያለው ደረጃ) እስከ 100 ሜትር ድረስ 1000 ሜጋቢት ይወስዳል፣ ለቤት ከበቂ በላይ ነው።

ተከራይታችሁ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ ይሁን፣ ዋይፋይ። ራውተሩ እዚያው ክፍል ካለ 5 ጊጋኸርዝ ምረጡ። 2.4 ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፣ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር እዚያው ይጋፋል፣ ማይክሮዌቭም ይረብሸዋል።

ኬብል የምትገዙ ደግሞ ሁለት ሦስት ሜትር ትርፍ ያዙ፤ ጫፉ በተበላሸ ቁጥር እየቆረጣችሁ አዲስ ራስ ትገጥሙበታላችሁ።