ለዶሮና ለሽሪምፕ መለገስ ካሰባችሁ፦ የአኒማል ቻሪቲ ኢቫሉዌተርስ ፈንድ በእኔ ዓይን

ሙያዬ የዶሮ ጤና ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት እንቁላል ጣዮች መሀል ነው። ስለዚህ ለእንስሳት ልለግስ ስል ሐሳቤ የሚሄደው ወደ እርባታ ቤት እንጂ ወደ ውሻና ድመት መጠለያ አይደለም። ለእነሱ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አስቸጋሪው ለማን ልስጥ የሚለው ነው። አንዲት ዶሮ ገዝቶ ማዳን ይቻላል። በዓመት ከ80 ቢሊዮን በላይ የየብስ እንስሳት በሚታረዱበት ዓለም ግን ይሄ የትም አያደርስም።

አኒማል ቻሪቲ ኢቫሉዌተርስ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ድርጅቱ ራሱ ዶሮ አያድንም። የሌሎችን ሥራ ይመረምራል፣ የተሻሉትን መርጦ ያሳውቃል፣ ለተመረጡት የሚሆን ፈንድ ከፍቶም ገንዘብ ያከፋፍላል። እኔ የምሰጠው በዚህ ፈንድ ነው፤ በየወሩ ከካርዴ ይቆረጣል። አከፋፈሉ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ አያስቸግርም።

ቁም ነገሩ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት ከመረጧቸው አንዱ ዘ ሂውሜን ሊግ ነው። ሥራው እንቁላል በብዛት የሚገዙ ኩባንያዎችን ከኬጅ እንቁላል፣ ማለትም በጠባብ የሽቦ ሣጥን ከታጎሩ ዶሮዎች ከሚመጣው፣ እንዲወጡ ቃል ማስገባት ነው። በ2016 ኦፕን ዊንግ አሊያንስ የሚባለውን የድርጅቶች ጥምረት አቋቁሞ ዘመቻውን ወደ ብዙ አገሮች አስፋፍቷል።

ኬጅ ገብቶ ላላየ ሰው ልንገረው። የአውሮፓ ኅብረት የድሮው ደንብ ለአንዲት ዶሮ የሚሰጣት 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ከአንድ ኤ4 ወረቀት ያነሰ ማለት ነው። ክንፏን መዘርጋት አትችልም። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ዶሮ በተፈጥሮዋ አፈር ትታጠባለች። ኬጅ ውስጥ ያለችውም ትሞክራለች። አፈር በሌለበት፣ ሽቦ ላይ ተኝታ፣ ላባዋን ነፍታ አፈር እንደምትበትን ሁሉ ትንፈራገጣለች። ምንም የሚበተን ነገር የለም፤ እሷ ግን አትተውም።

ይሄን ኬጅ አውሮፓ ውስጥ ለማስቀረት ሕጉ በ1999 ወጣ፣ ሥራ ላይ ሙሉ በሙሉ የዋለው በ2012 ነው። ከዚያ የቀሩትም ኬጆች ይቁሙ ተብሎ 1.4 ሚሊዮን ያህል ፊርማ ተሰበሰበ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 «እስከ 2023 መጨረሻ ረቂቅ ሕግ አቀርባለሁ» አለ። ቀኑ አለፈ፣ ረቂቁ ግን አልቀረበም። ልገሳ የምሰጠው ለዚሁ ነው፦ ቃል የገባውን አካል በየጊዜው «የት ደረሰ?» እያለ ለሚነዘንዝ ሰው ደመወዝ እንዲሆን። ፎቶ የሚነሱበት ሥራ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ከኬጅ ነፃ ሲባል ገነት አይምሰላችሁ። ከቆጥ ስትወርድ የደረት አጥንቷን የምትሰብር ዶሮ አለች፣ እርስ በርስ ላባ መነቃቀልም አለ። አያያዙን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ቢሆንም ሁለቱን ቤቶች ለሚያውቅ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው።

ከዚህ በፊት ስሙን ለማልጠቅሰው ሌላ ድርጅት እሰጥ ነበር። «ቃል ከገቡት ኩባንያዎች ስንቱ ፈጸመ?» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ የልገሳ ጥያቄ። እዚህኛው ላይ ግምገማው ለማንም ክፍት ነው፤ የድርጅቱን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ያሳሰባቸውንም ይጽፋሉ። ረጅም ነው፣ ያሰለቻል፣ ግን ጥያቄዬን አይሸሽም።

ሽሪምፕ፣ ያ ለምግብ የሚረባው ትንሽ የውኃ እንስሳ፣ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። እኔም ዝርዝሩ ላይ ሽሪምፕ ዌልፌር ፕሮጀክትን ሳይ ፈገግ ብያለሁ። ሥራቸውን ሳነብ ግን ከገንዘብ አንፃር ብልጥ ሆኖ አገኘሁት። በተለመደው አሠራር ሽሪምፑ በረዶና ውኃ ውስጥ ተከትቶ ቀስ ብሎ ይሞታል። እነሱ በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ ማሽን ለአምራቾች በነፃ ይሰጣሉ፤ አምራቹም እንዲጠቀምበት ቃል ይገባል። ሴቶቹ ቶሎ እንቁላል እንዲጥሉ የዓይናቸውን ዘንግ መቁረጥም እንዲቀር ይሠራሉ። አንድ ማሽን ስንት ሚሊዮን ሽሪምፕ እንደሚያልፍበት አስቡት።

«የእኔ ትንሽ ገንዘብ ምን ይፈይዳል?» ለሚል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ መስክ ትልቁ ለጋሽ ቀድሞ ኦፕን ፊላንትሮፒ ይባል የነበረው፣ በ2025 ስሙን ኮኤፊሸንት ጊቪንግ ያለው ነው። ዋናው ገንዘብ የሚመጣው ከደስቲን ሞስኮቪትዝና ከባለቤቱ ከካሪ ቱና ነው። በ2024 የባልና ሚስቱ ፋውንዴሽን ጉድ ቬንቸርስ አንዳንድ ዘርፎችን ከእንግዲህ አልደግፍም አለ፤ እንደ ሽሪምፕ ያሉ አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት አንዱ ነበሩ። ገንዘባቸው ነው፣ መብታቸው ነው። ግን በአንድ ቤት በጀት ላይ የቆመ ሥራ እንዲህ ያለ ቀን ይገጥመዋል። ብዙ ትንንሽ ለጋሾች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ቅሬታዬ ስሌቱ ላይ ነው። የሽሪምፕን ስቃይና የዶሮን ስቃይ በአንድ ሚዛን ለክቶ በዶላር ማካፈል ለእኔ ብዙ ግምት ያለበት ነገር ነው። ዶሮ ስትታመም ዓይኗን አይቼ አውቃለሁ፤ ሽሪምፑን ግን በምን ልመዝነው? ቁጥሩን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አላየውም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ገና የጀመሩ ትንንሽ ቡድኖችን መደገፍ የሚፈልግ ሰው የኢኤ አኒማል ዌልፌር ፈንድን ቢያይ ይሻለዋል፤ የመክሸፍ ዕድሉም እዚያ ከፍ ይላል። በአንድ እንስሳ ላይ ብቻ ላተኩር የሚል ደግሞ ግምገማውን አንብቦ ለመረጠው ድርጅት በቀጥታ ይስጥ። የታክስ ቅናሽ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ድርጅቱ የተመዘገበው አሜሪካ ነውና ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ቅናሹ በምትኖሩበት አገር መሥራቱን አጣሩ።