አዳማ ውስጥ ጨለማ ቤት ያላችሁ፣ ይኼን አናጺ ያዙት

በቅድሚያ ጋሼን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሙን እዚህ እንዳልጠቅስ ስለነገረኝ ነው ጋሼ ብቻ የምለው።

የእናቴ ቤት ያለው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያ ሰፈር ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጠባብ፣ ወደ ውስጥ የረዘመ፣ ግራና ቀኝ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ የጭቃ ቤት። በጎን መስኮት የሚባል ነገር የለም። ሳሎኑ ከበሩ ብርሃን ያገኛል፣ መሃለኛው ክፍል ግን በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራበታል።

ከጋሼ በፊት ያየው ሰው ሁሉ ያለው አንድ ነው፦ አፍርሱት፣ ብሎኬት ይሁን። እናቴ ደግሞ በሕይወቴ እያለሁ አይፈርስም ብላ ቁጭ።

እኔ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። ሁለት ቆርቆሮ ይነሳ፣ በምትኩ ብርሃን የሚያስገባው ፋይበር ይግባ፣ አለቀ። ጋሼ አልተከራከረኝም። ኮርኒሱን ቀደደ፣ ቆርቆሮውን አነሳ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፈነና «እስኪ ቀኑን እዚህ ዋሉ» ብሎን ሄደ። የአዳማን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ምጣድ ሆነ! እናቴ ረከቦቷን ይዛ ወደ ጓሮ ሸሸች። ሲመለስ «አያችሁ አይደል?» አለ፣ እየሳቀ።

ከዚያ የሠራው ነገር ነው ይኼን ሁሉ የሚያስጽፈኝ። ጣሪያውን የተሸከሙትን ወራጅ እንጨቶች ሳይቆርጥ፣ በጓሮው በኩል ከጣሪያው ላይ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ ትንሽ ጣሪያ ከፍ አደረገ። ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ እሱ ላይ መስታወት ገባ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፦ በበጋ፣ በተለይ ታኅሣሥና ጥር፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ ስለዚህ ብርሃኑ እንጂ ጨረሩ ቀጥታ አይገባም። ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ ጀምሮ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደመናው ይይዛታል። «ግንቦትስ?» አልኩት። ለግንቦት ብሎ ክዳኑን ወደ ፊት አስረዘመልኝ። ይኼን ዲግሪ የያዘ ሰው አልነገረኝም።

በመሃለኛው ክፍልና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳም ከላይ ከፍቶ መስታወት አስገባበት፣ ብርሃኑ እስከ ፊት እንዲሄድ። የጓሮውን ላሜራ በር ግማሹን በመስታወት ቀየረው። ግድግዳው ነጭ ተቀባ። የድሮውን የእንጨት በር ልቀይረው ስል ግን ተቆጣኝ፣ «እትዬ፣ ልጅሽን ያዢልኝ» አላት እናቴን። በሩ ታጥቦ፣ ዘይት ጠጥቶ እዚያው አለ።

ጣሪያውን ሳይነካ በፊት ጎረቤቶቻችንን ራሱ ሄዶ አነጋገረ፣ ውሃው ወደ እነሱ እንዳይወርድ አሸንዳውን አሳያቸው። የግድግዳ ጠብ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የምታውቁ ይኼ ይገባችኋል።

ደግሞ እውነቱን ልናገር። ቀርፋፋ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም። በመጀመሪያው ዝናብ በመስታወቱ ጥግ ውሃ አንጠባጠበ፣ ደወልኩ፣ አላነሳም። ማታ ግን ሲሊኮኑን ይዞ ራሱ መጣ፣ ላሜራውን እንደገና አጥፎ ደፈነው፣ አምስት ሳንቲም አልጠየቀም።

ቸኩላችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። መታገስ ከቻላችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። እሑድ አትደውሉለት፣ አይሠራም። ዋጋውን ደግሞ ቤቱን ሳያይ አይነግራችሁም፣ በስልክ አትጨቅጭቁት።