ኦምሮን ኤም 3 የደም ግፊት መለኪያ በሚሰጋ ሰው ቤት

መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ይህን ቀድመን እንበል። ክንድ ላይ የሚታሰር በመሆኑ እጅ አንጓ ላይ ከሚታሰሩት የበለጠ ይታመናል፤ አንድ ቁልፍ ከመጫን በላይም ሥራ የለውም። ነገር ግን የደም ግፊት መለኪያ ከሚገዙት መካከል "ደም ብዛት አለብህ" ተብለው ሳይሆን "ይኖርብኝ ይሆን?" በሚል ስጋት የሚገዙ ጥቂት አይደሉም። ማሽኑ የሚሰጋን ሰው ሲለካ ስጋቱንም አብሮ ይለካል፤ ይህ ግምገማም በዋናነት ለእነሱ ነው።

ፍርሃት ቁጥሩን ምን ያህል እንደሚያንረው የታወቀው ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ጁሴፔ ማንቺያና ባልደረቦቹ ጣሊያን ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ግፊት ደም ቧንቧ ውስጥ በገባ መለኪያ ያለማቋረጥ ተከታተሉ። ሐኪም ሊለካ ወደ አልጋው ሲጠጋ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ27 ገደማ፣ የታችኛው በ15 ገደማ ያሻቅብ ነበር። በ1987 ባወጡት ሥራ ደግሞ በሐኪም ፈንታ ነርስ ስትለካ ጭማሪው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ክሊኒክ 150 የወጣለት ሰው ቤቱ 125 ቢያገኝ ታዲያ አይገርምም። የነጭ ጋዋን ግፊት የሚባለው ይህ ነው፤ የቤት መለኪያም ትልቁ ጥቅሙ ይህን መለየቱ ነው።

ኤም 3 በ4 ትንንሽ ባትሪዎች (ድርብ ኤ) ይሠራል፤ ለ2 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 60 ልኬት ይይዛል፤ ካፉ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመውና አየር የሚሞላው ጨርቅ) በትክክል መታሰሩን የሚያሳይ ምልክት አለው። ካፉ ዙሪያው ከ22 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ይህን ቁጥር ንቆ ማለፍ አይገባም። ከመግዛት በፊት በልብስ ሰፊ ሜትር ከትከሻና ከክርን መሃል ላይ ክንድን መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ካፍ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል፦ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት በጣም ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ወደ 20 ተጨማሪ አሳይቷል። በዚህ ምክንያት ብቻ የደነገጠ ሰው ድንጋጤው የባከነ ነው።

አቀማመጡም እንደዚያው። በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ክንድን ጭን ላይ ጥሎ የሚለካ ሰው ትክክለኛ ቁጥር አያገኝም። ጀርባ የሚደገፍ ወንበር፣ መሬት የረገጡ እግሮች (ሳይቆላለፉ)፣ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ያረፈ ክንድ ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛው አጭር ከሆነ የተጣጠፈ ጋቢ ከክንዱ ሥር ይደረጋል። የካፉ የታች ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። እጅጌ ተጠቅልሎ ክንድን የሚያንቅ ከሆነ ሸሚዙን ማውለቅ ይሻላል። ሽንት ቀድሞ ይሸናል፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ በልኬቱ ጊዜም ወሬ የለም። ከቡና፣ ከሲጋራና ከእንቅስቃሴ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ቡና በተፈላበት ቤት 30ው ደቂቃ የሚቆጠረው ከአቦል ሳይሆን ከመጨረሻው ስኒ ነው፤ እስከ በረካ የቆየ ሰው ቢለካ የሚለካው ቡናውን ጭምር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ማታ ራስን ወጋ ያደርጋል፣ ወይም ልብ ድው ድው ትላለች። መሣሪያው ከመሳቢያ ይወጣል። ካፉ አየር ሞልቶ ክንድን ሲጨምቅ፣ ስክሪኑ ላይ የልብ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ስትል፣ ሰውየው ትንፋሹን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ቁጥሮቹን በዓይኑ ይከተላል። 148 ወጣ እንበል። ይደነግጣል፤ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ወዲያው ሲደግመው 156። ካፉን ሳያሳርፉ ደጋግሞ መንፋት ክንድ ውስጥ ደም ስለሚያጠራቅም ልኬቱ ራሱም ይዛባል። አምስተኛው ላይ 137 ሲመጣ "እፎይ" ይባላል።

ክፉው ነገር ያ እፎይታ ነው። አእምሮ የሚይዘው "አደጋ አልነበረም" የሚለውን ሳይሆን "ስለለካሁ ዳንኩ" የሚለውን ነው። በማግስቱ ትንሽ ስሜት ሲመጣ እጅ ወደ መሳቢያው ይሄዳል፣ እፎይታውም በየጊዜው እያጠረ ይመጣል። የጭንቀት ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች ይህን ማረጋገጫ ፍለጋ ይሉታል፤ ጭንቀትን ከሚያኖሩት ነገሮች አንዱ ነው።

መፍትሔው መሣሪያውን መጣል አይደለም፤ በሰዓት እንጂ በስሜት አለመለካት ነው። ለሐኪም የሚሆን መዝገብ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ለ7 ቀን፣ ጠዋት መድኃኒትና ቁርስ ሳይቀድም 2 ጊዜ፣ ማታ 2 ጊዜ፣ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ማረፍ። የመጀመሪያው ቀን ከሂሳብ ይወጣል፤ በለመደ ክንድ ያልተወሰደ ነውና ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የቀሩት 24 ልኬቶች ተደምረው ለ24 ይካፈላሉ። አማካዩ ከ135 በ85 በታች ከሆነ በአውሮፓ መመሪያ ደም ብዛት አይባልም፤ የአሜሪካው መመሪያ ከ130 በ80 ጀምሮ ከፍ ያለ ይለዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ ማሽኑ ሐኪሙ እስካዘዘው ቀን ድረስ መሳቢያ ይግባ።

ቁጥሩን አይቶ ለሚደናገጥ ሰው አንድ ዘዴ አለ። መሣሪያው ልኬቱን በራሱ ስለሚይዝ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙሮ መለካት ይቻላል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሌላ የቤት ሰው ይገለብጠዋል። ከሰዓት ውጪ "ልለካ ልለካ" የሚል ግፊት ሲመጣ ደግሞ 20 ደቂቃ ማቆየት፦ ሽንኩርት መክተፍም ሆነ ልብስ ማጠፍ ይበቃል። ጭንቀት ሳይለካም ይወርዳል፤ ይህን ሰውነት የሚማረው ሳይለኩ ሲቆዩ ብቻ ነው። ይህም ካልተቻለ፣ ማሽኑ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት ሌላ ውድ መለኪያ ከመግዛት ይበልጣል።

የኤም 3 ምልክቶችም ሰው ያስደነግጣሉ። ልኬቱ ከ135 በ85 ሲያልፍ የሚወጣው ምልክት ስለዚያች ደቂቃ እንጂ ስለ በሽታ አይናገርም። የተዛባ የልብ ምት ምልክትም በመንቀሳቀስ ወይም በማውራት ሊመጣ ይችላል፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲለካም እየደጋገመ ከታየ ግን ለሐኪም ይነገራል። የላቲኑ "ኢ" ፊደል ከቁጥር ጋር ሲወጣ አደጋ ማለት አይደለም፤ ልኬቱ አልተሳካም፣ ካፉ ወይም ቱቦው ይታይ ማለት ነው።

ድርድር የሌለበት አንድ ነገር አለ። ቁጥሩ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መያዝ ወይም የዓይን መጋረድ ካለ "ጭንቀት ነው" ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል። እነዚህ ምልክቶች ካሉ ቁጥሩ ዝቅ ብሎም ቢሆን ይኬዳል። ምልክት ከሌለ አረፍ ብሎ አንድ ጊዜ መድገምና ከዚያው ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ማነጋገር ነው።

ከስልክ ጋር የሚገናኙትን ሞዴሎች ለሚሰጋ ሰው አንመርጥም። ግራፉ ያምራል፤ ግን ኪስ ውስጥ ስለሚውል ቀኑን ሙሉ ይጠራል። ያለ ካፍ ግፊት እንለካለን የሚሉ የእጅ ሰዓቶችንም የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር ለምርመራ አይመክርም። የትኛውም ብራንድ ቢሆን ግን ከመግዛት በፊት ሞዴሉ ስትራይድ ቢፒ በሚባለው የተፈተሹ መለኪያዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ተገቢ ነው።

ጎረቤት "እስቲ የኔንም ለኪልኝ" ማለቷ አይቀርም። ለእሷ 2ኛው ተጠቃሚ ላይ ማዞር ነው፤ አለበለዚያ ልኬቷ ከባለቤቱ አማካይ ጋር ይደባለቃል። ቀጠሮ ቀን ማሽኑን ይዞ ሄዶ ከክሊኒኩ ጋር በአንድ ክንድ ላይ ተራ በተራ ማወዳደርም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ክንድ ለክቶ ከፍ ያለውን መምረጥ፣ ከዚያ ሁልጊዜ በዚያው መቀጠል፤ ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ10 በላይ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር።