ጅማ ላላችሁ፦ በክረምት «የጉማሬ ጉዞ» ለሚሸጥላችሁ ሰው ብር እንዳትልኩ

ቴሌግራም ላይ «ጊቤ ሸለቆ ፓርክ፣ ጉማሬ በቅርበት፣ ደርሶ መልስ» የሚል ማስታወቂያ ከደረሳችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ከፍያለሁ። ለራሴና ለሁለት ልጆቼ፣ በነፍስ ወከፍ 2,800 ብር።

ሳልጠይቅ ቀርቼ አይደለም። ደውዬ «ነሐሴ ላይ ይታያል ወይ?» ብዬዋለሁ። «አብሽሪ እህቴ፣ ጉማሬው ቀጠሮ አያፈርስም» አለኝ። መግቢያው፣ አስጎብኚው፣ ምሳው ሁሉ ተካቷል፤ ካልታየ ደግሞ ብሩ ይመለሳል አለኝ። እኔም በቴሌብር ላክሁለት።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተብለን 2፡30 ተነሳን። አንድ ሃይሩፍ ውስጥ 15 ሰው። ከአበልቲ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፣ ታናሹ ልጄ ሁለቴ አስመለሰው። ሹፌሩ ድልድዩ ሳይደርስ መንገድ ዳር አቆመና «ይኸው ጊቤ» አለን። ፓርኩ እኮ ማዶ ነው፣ በጉራጌ በኩል! በሩን እንኳ አላየንም። አስጎብኚ የተባለው የሹፌሩ ረዳት ነበር። ምሳው አንድ አንድ ዳቦ በሻይ።

ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ቡና መስሎ ይጋልባል። ለ15 ሰው አንዲት የፕላስቲክ መነጽር ታደለች። ልጄ ተራው ሲደርስ «ማሚ ጉማሬ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ረዳቱም «አዎ እሱ ነው፣ ትልቁ ነው» አለ። ጉማሬው ዞር ሲል ቅጠል ነበረው። ግንድ ነው።

ብሩ ይቅር፣ ያናደደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ረዳቱ «ጠጋ ብለን እንይ» ብሎ ልጆቹን በሣር መሐል በተከፈተች ጠባብ መንገድ ወደ ውሃው ይዟቸው ወረደ። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ከላይ ተጣሩ። «ውጡ! የጉማሬ መንገድ ነው!» ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያች መንገድ ነው። ከውሃው ለይቶ መንገድ የሚዘጋበትን ደግሞ አይምርም። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ጥፋቱ የኔም ነው። ማስታወቂያው ራሱ ይናገር ነበር። «ከአውሮፓ የመጡ ወፎች» ይላል። እነሱ በብዛት የሚመጡት ከመስከረም ወዲያ ነው፣ መጋቢት ገደማ ይመለሳሉ። በነሐሴ አብዛኞቹ ገና እዚህ አልደረሱም። ፎቶው ላይ ያለው ሮዝ ወፍ ደግሞ ፍላሚንጎ ነው፤ የአብያታን የመሰለ የሶዳ ሐይቅ ወፍ። ጉማሬም የሚታየው ውሃው ሲጎድል፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው በጋ ነው። ያኔ ጥልቅ ኩሬዎቹ ላይ ይሰበሰባል። ውሃ ውስጥ ከአምስት ደቂቃ ብዙም ስለማይቆይ፣ ዝም ብሎ ለጠበቀ ሰው ጆሮውና አፍንጫው ብቅ ይልለታል። እኛ እዚያ የቆየነው 20 ደቂቃ ነው፣ ያውም በግንዱ ስንሳሳቅ።

የሚያስቀው፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቦዬ አለ። በባጃጅ የሚደረስበት ረግረግ፣ ጉማሬም ወፍም ያለበት። በበጋ ጠዋት ሂዱ፣ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ከሩቅ እዩ። ሁልጊዜ ይታያል አልላችሁም። ካልታየም የባጃጅ ሒሳብ ነው የከሰራችሁት።

የግድ ጊቤ ካላችሁ የንግድ ፈቃዱን አሳየኝ በሉት፣ ክፍያው በግል ስልክ ከሆነ አትላኩ፣ «መግቢያ ተካቷል» ካለ የየትኛው በር ብላችሁ ጠይቁ።

ብሬን ስጠይቅ መጀመሪያ «ወንዙን አይታችኋል አይደል?» አለኝ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ትናንት በእህቴ ስልክ ገብቼ አየሁት፤ «የመስከረም ልዩ ጉዞ» ብሏል። ፎቶው ያው ፍላሚንጎ ነው፣ ዋጋው 3,200 ገብቷል።