የቢራ መጥመቂያ በርሜሎቼን እንጨት ካለበስኳቸው 14 ወር ሆነ

በሰባተኛው ወር የብቅል መዘፍዘፊያውን በርሜል የእንጨት ልብስ ቆርጬ ሳወልቅ፣ ከቧንቧው ቀዳዳ በታች የእጅ መዳፍ የሚያህል ሻጋታ አገኘሁ። ከውጭ ሲታይ ጣውላው ያማረ ነበር። ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደንቀው እሱን ነው። ከስሩ ግን የቧንቧው ጎማ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ሲል ቆይቷል። ስኳር ያለው የብቅል ጭማቂ በእንጨቱና በብረቱ መካከል እየወረደ ተጠራቅሟል። እኔ ምንም አላየሁም።

«ቆርጬ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ጊዜ ጣውላዎቹ እርስ በርስ በኮላ ተጣብቀው ስለነበር ልብሱ የሚወልቅበት መንገድ አልነበረውም። መጋዝ ይዤ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። የሦስት ቅዳሜ ሥራዬ ነበርና በጣም አዘንኩ። አሁን በርሜሉ ላይ ያለው ሁለተኛው ልብስ ነው። ይኸው ሰባት ወር አገልግሏል። ሁለቱንም ስለኖርኩባቸው ስለ ሁለቱም እነግራችኋለሁ።

የምጠምቀው በአራት ዕቃ ነው፤ ውሃ ማሞቂያ፣ ብቅል መዘፍዘፊያ፣ ማፍያ ድስትና ማብላያ። ሁሉም ስቴንለስ ናቸው። እንጨት ያለበስኩት ሦስቱን ነው። ማፍያው ድስት በጋዝ እሳት ላይ ስለሚቀመጥ ራቁቱን ተውኩት። እናንተም ተዉት። የጋዝ ነበልባል በድስቱ ጎን ወደ ላይ ይልሳል። እንጨት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ሲሞቅ እየጠቆረ ይሄዳል፤ በቀላሉ የሚቀጣጠልም ይሆናል። በዚህ ላይ ድርድር የለም። የእኔ ውሃ ማሞቂያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ከፈላ ውሃ በላይ አይሞቅም። እሱም ቢሆን የሽቦው መግቢያ ያለበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ክፍት አድርጌዋለሁ።

ዕቃን እንጨት ማልበስ የቆየ ጥበብ ነው። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1769 ለእንፋሎት ሞተሩ ባገኘው የፈጠራ መብት ሰነድ ላይ፣ ሲሊንደሩ እንዳይቀዘቅዝ በእንጨት ወይም ሙቀትን ቀስ ብሎ በሚያስተላልፍ ሌላ ነገር ይሸፈን ብሎ ጽፏል። የጥንቶቹ ባቡሮች የእንፋሎት ማሞቂያም በጠባብ ጣውላ ተለብጦ በብረት ቀበቶ ይታሰር ነበር። እኔን የሳበኝ መጀመሪያ መልኩ ነው። ሙቀት መያዙን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ሙቀቱን ግን ለክቼዋለሁ። የብቅል መዘፍዘፊያው 50 ሊትር ይይዛል። ወርዱ 40 ሴንቲሜትር ነው። በ67 ዲግሪ ጀምሬ ለአንድ ሰዓት ክዳኑን ከድኜ ስተወው፣ ራቁቱን ሆኖ 4.5 ዲግሪ ያህል ይወርድ ነበር። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሴዳር ጣውላ ብቻ ሲለብስ 2.5 ዲግሪ ወረደ። ከጣውላው ስር 10 ሚሊሜትር የቡሽ ንጣፍ ጨምሬ፣ ክዳኑንም በቡሽ ስሸፍነው ወደ 1.5 ዝቅ አለ። የክዳኑ ነገር አስገርሞኛል። ጎኑን አሳምሬ ስለብጥ፣ ለካ በአናቱ በኩል ብዙ ሙቀት እየሄደብኝ ነበር።

ሦስት ዲግሪ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለብቅል ግን ብዙ ነው። ስታርቹን ወደ ስኳር ከሚቀይሩት ሁለት ዋና ኢንዛይሞች አንዱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል። ሌላው ወደ 70 ጠጋ ሲል ነው የሚበረታው። ሙቀቱ በመሃል ከወረደ ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው ያጋድላል፤ ቢራውም ካሰባችሁት በላይ ደረቅና ቀጭን ይሆናል። ድሮ አንድ ዓይነት አሠራር ይዤ በየጊዜው የተለያየ ቢራ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ውጤቱ ይቀራረባል። በ14 ወር ውስጥ 26 ጊዜ ጠምቄያለሁ። ልዩነቱን በደንብ ያየሁት በመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ጊዜያት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። በርሜሉ ከነቡሹ 42 ሴንቲሜትር ወርድ አለው። በ20 ጣውላ ነው የከበብኩት። ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ ለሃያ ሲካፈል 18 ይመጣል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ በሁለቱም በኩል 9 ዲግሪ ዘንበል ተደርጎ ይቆረጣል። ጣውላው በውስጥ በኩል 66.5፣ በውጭ በኩል 72 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መጋዙ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት ስህተቱ በአርባ ጠርዝ ተባዝቶ 20 ዲግሪ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ከአንድ ጣውላ ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀራል ወይም ክቡ አልገጥም ይላል። በቁርጥራጭ እንጨት እስክትጠግቡ ሞክሩ። ዋናውን እንጨት የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ልብስ ስህተት ኮላው ነው። እንጨት በቃጫው ርዝመት አቅጣጫ ብዙም አይንቀሳቀስም። በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የሃያው ጣውላ ድምር ወርድ 144 ሴንቲሜትር ነው። አንድ በመቶ እንኳ ቢሰበሰብ 1.4 ሴንቲሜትር ጎደለ ማለት ነው። በኮላ የተጣበቀ ክብ ይህን ከየትም አያመጣውም። አየሩ ደረቅ በሆነበት በሦስተኛው ወር አንደኛው ጣውላ «ጧ» ብሎ ተሰነጠቀ። ድምፁን ከሌላ ክፍል ሆኜ ሰማሁት።

ሁለተኛው ልብስ ላይ ምንም ኮላ የለም። ሦስት ቀጫጭን የስቴንለስ ቀበቶዎች አሉት። እያንዳንዱ ጣውላ በእያንዳንዱ ቀበቶ ላይ፣ ልክ በወርዱ መሃል፣ በአንድ ቪስ ብቻ ተይዟል። ስለዚህ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደልቡ ይነፋል። በጣውላና በጣውላ መካከል 1 ሚሊሜትር ክፍተት ተውኩ። እርጥበት በዝቶ ሲነፉ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲደርቁ ይሰፋል። ዕቃው ግን ቅርፁን አይለቅም። ቀበቶዎቹ በአንድ በኩል በቡሎን ይዘጋሉ። ሦስቱን ቡሎን ስፈታ ልብሱ እንደ አምባር ከፈት ይላል፤ ወደ ላይ ስቤ አወጣዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይሄ መውለቁ ነው ሁሉን የለወጠው። በየሦስት ጥምቀቱ አወልቀዋለሁ። በርሜሉን አጥባለሁ፣ የቧንቧውን ጎማ አያለሁ፣ የእንጨቱን ጀርባ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሻጋታ አላየሁም። የቧንቧውንም ቀዳዳ በሁሉም አቅጣጫ 2 ሴንቲሜትር አስፍቼዋለሁ። ያፈሰሰ እንደሆነ ወዲያው ይታየኛል። መልኩ ትንሽ ቀንሷል፤ ግድ የለኝም። የጣውላዎቹን የታችኛውን ጫፍም ከወለሉ 3 ሴንቲሜትር ከፍ አደረግኩት። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጫፉ ነው። መጀመሪያ ወለሉን ነክቶ ስለነበር ባጠብኩ ቁጥር ይመጥ ነበር።

ቅባትን በተመለከተ ሁለት ነገር ሞክሬያለሁ። ቫርኒሹ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ግን ቧንቧው አካባቢ በአራት ወር ተላጠ። ለማደስ ደግሞ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለባችሁ። አሁን የምቀባው የተልባ ዘይት ነው። የደበዘዘበትን ቦታ ብቻ መልሼ እቀባለሁ። የማጠቢያ ዱቄት ሲነካው ግን ይለቃል፤ ብዙዎቻችን ለዕቃ ማጠቢያ የምንጠቀምበት ሶዲየም ፐርካርቦኔት እንጨትንም ያነጣል። እኔ ከማጠቤ በፊት ልብሱን አወልቃለሁ።

እባካችሁ ይህን አትርሱት፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። እኔ ውጭ በገመድ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።

ማብላያው ላይ የሠራሁት ግን አልተሳካም። እሱን በኦክ ነበር ያለበስኩት፤ ከሁሉም ያምር ነበር። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ራቁት በርሜል ሙቀቱን ወደ አየር ይለቃል። የለበሰው ያፍነዋል። በ19 ዲግሪ ይሁንልኝ ያልኩት ቢራ በሁለተኛው ቀን 24 ደርሶ አገኘሁት። ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ ከልክ በላይ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ቢራ ሆነ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። በርሜሉ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ቱቦ ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲያውም ልብሱ ቅዝቃዜውን ይጠብቅላችኋል። እኔ ስለሌለኝ አወለቅኩት።

በዚያው በኦኩ ላይ ሌላም ነገር ተማርኩ። ቀበቶውን ከተራ ብረት ነበር የሠራሁት። ኦክ ታኒን የሚባል፣ አፍ የሚያደርቅ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር አለው። ታኒንና ብረት እርጥበት ካገኙ ቀለም እንደፈሰሰበት ጥቁር እድፍ ይፈጥራሉ። በሁለት ወር በየቀበቶው ስር ጥቁር መስመር ወጣ። ፍቄው ፍቄው አልለቀቀም። ኦክ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀበቶውም ቪሱም ስቴንለስ ወይም ነሐስ ይሁን።

መልሼ እሠራው ነበር ወይ? ለብቅል መዘፍዘፊያው አዎ፣ ያለማመንታት። በየጥምቀቱ ይጠቅመኛል፤ ደግሞም ደስ ይለኛል። ለውሃ ማሞቂያው ያን ያህል አይደለም። ማሞቂያው ራሱ ሙቀቱን ስለሚጠብቅ እንጨቱ እዚያ የሚሠራው ብዙም ነገር የለም፤ ዋናው ጥቅሙ እጅ እንዳይቃጠል መከላከሉ ነው። ትንንሽ ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ ግን ይህ ብቻውን ይበቃል። ሙቀት መያዝ ብቻ የምትፈልጉ ደግሞ ቡሹን ጠቅልላችሁ በገመድ እሰሩት። አብዛኛውን ጥቅም ታገኛላችሁ፤ ሥራውም የአንድ ከሰዓት ነው።

የኦኩ ጣውላዎች አሁን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጥቁሩ መስመር ያለበትን ቆርጬ ጥዬ፣ ከቀረው ለብቅል መዘፍዘፊያው ክዳን የሚሆን መሸፈኛ ልሠራ ነው። ቡሹ ብቻውን በእንፋሎት ጠርዝ ጠርዙ መፈርፈር ጀምሯል።