ሴሉ የተቀየረው ባትሪዬ ከስምንት ወር በኋላ

ላፕቶፔ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሞዴል። ፈተና የማወጣበትም፣ የተማሪ ውጤት የምደምርበትም እሱ ነው። ኪቦርዱን በጣም ስለምወደው ልቀይረው አልፈልግም። ባለፈው ጥቅምት ግን ባትሪው 25 ደቂቃ እንኳ አልቆይ አለ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤቴ መብራት እልም ሲል ስክሪኑም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። አንድ ማታ የሦስት ክፍል ውጤት ሴቭ ሳላደርግ ጠፋብኝ። እስኪነጋ ድረስ እንደገና ሳስገባ አደርኩ።

ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ ባልደረባዬ «በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው» አለኝ። ሌላዋ «ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ አትሰካው» አለችኝ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የመከሩኝ፤ ግን ሁለቱም አይሠሩም። ሙልጭ አድርጎ መጨረስ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነገር ነው። የዛሬ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበትን ሊቲየም አዮን ባትሪ በየጊዜው ባዶ ማድረግ ያስረጀዋል እንጂ አያድሰውም። ፍሪዘርም ያረጀ ሴል (ባትሪው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ባትሪዎች ማለቴ ነው) አይመልስም። ሲወጣ የሚያልበው ውኃ ግን ሰርኪዩቱን ሊያበላሸው ይችላል።

በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ስለምጠቀም ቲኤልፒ በምትባለው ፕሮግራም ባትሪውን አየሁት። አዲስ እያለ 57 ዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው) ይይዝ የነበረው አሁን 14 ብቻ ይይዛል። መጀመሪያ ካሊብሬት አደረግኩት፤ አንድ ጊዜ እስኪጠፋ አሠርቼ ሳላቋርጥ እስከ 100 ሞላሁት። ከዚያ በኋላ የሚያሳየው ፐርሰንት እውነት ሆነ፣ ድንገት መጥፋቱ ቀረ። ደቂቃው ግን አልጨመረም። ካሊብሬሽን የሚያስተካክለው ቆጣሪውን እንጂ ሴሉን አይደለም።

ዓባይ ማዶ ያለ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሲከፍተው ስድስት ሴሎች አሉት፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ጥንድ የተያያዙ። ለካ ሁለቱ ጥንዶች ደህና ነበሩ። ሦስተኛው 2.1 ቮልት ላይ ወድቋል። አንድ ጥንድ ሲደክም ባትሪው በሙሉ ይዘጋል። «ቲቸር፣ የደከሙትን ሁለት ሴሎች ብቻ እንቀይራቸው፣ ይረክስልሃል» አለኝ። እምቢ አልኩት። አሮጌና አዲስ ሴል አብረው ከታሰሩ አሮጌው ቀድሞ ያልቃል፣ አዲሱንም ይዞት ይወድቃል። ስድስቱም ከአንድ ዓይነት ይሁኑ አልኩ።

ከዚያ ያመጣቸው ሴሎች ላይ የሚይዙት መጠን 9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው የሚል ተጽፏል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ይህ ሴል 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። በዚህ መጠን ጥሩ የሚባለው እንኳ 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው። 9900 የሚል ሴል ሲቀርብላችሁ መልሱት። ልጁ አልተቀየመም፤ በሳምንቱ 2600 የሚሉ አመጣ። በብየዳ ብረት ሳይሆን በቅጽበት ነጥብ ነጥቡን ብቻ በሚበይድ ስፖት ዌልድ አያያዛቸው፤ የብረቱ ሙቀት ሴሉን ይጎዳልና። የከፈልኩት ለአዲስ ባትሪ ከተጠየቅኩት ከግማሽ በታች ነው። ይህን ቤት ውስጥ በቢላዋ እየከፈታችሁ አትሞክሩት፤ ሊቲየም ከተበሳ ይቀጣጠላል።

ቤት ስገባ ላፕቶፑ አሁንም 14 ዋት ሰዓት ይላል። ደነገጥኩ። ሴሉ ቢቀየርም ባትሪው ውስጥ ያለው ቆጣሪ ቺፕ የድሮውን ቁጥር ይዞ ቀርቷል። ኡቡንቱ ሙልጭ ሳይል ቀድሞ ስለሚያጠፋው ባዮስ ገጽ (ኡቡንቱ ሳይነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ላይ ትቼው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። እየሞላሁ እያስጨረስኩ ሦስት ጊዜ ከደጋገምኩ በኋላ 54 አለ።

በመጀመሪያው ወር ሦስት ሰዓት ተኩል ይሠራልኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጀሩን ቤት ትቼ ጣና ዳር እወርዳለሁ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ፈተና አርማለሁ። ከዓመታት በኋላ ሶኬት ያለበት ወንበር መፈለጌ ቀረ። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሰኔ ላይ ቲኤልፒ 51 ይላል፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል ይሠራል። መውረዱ አይቀርም፤ በዚህ ፍጥነት ከወረደ ግን ደስተኛ ነኝ። የረዳኝ ቻርጁን 80 ላይ እንዲያቆም ማድረጌ ይመስለኛል። 100 ሞልቶ ሁልጊዜ ተሰክቶ መዋል፣ በዚያ ላይ የባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ሊቲየምን በፍጥነት ያስረጃል። ጣና ዳር ልሄድ ስል ብቻ ማታውን 100 እሞላዋለሁ።

ጉድለትም አለው። በሙጫ የተዘጋው ፕላስቲክ በአንድ ጎን ትንሽ ከፈት ብሏል። እብጠት ይሁን ብዬ በየሳምንቱ በጣቴ እዳስሰዋለሁ፤ እስካሁን ጠፍጣፋ ነው። ከ12 ፐርሰንት ወደ 5 አንዳንዴ ይዘላል፣ ስለዚህ 15 ላይ እሰካዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ዝናቡ ከነመብረቁ መጣ። ቻርጀሩን ነቀልኩ። ወዲያው መብራቱም ሄደ። ሰዓት ተኩል ቁጭ ብዬ የሁለት ክፍል ውጤት አስገባሁ። ስጨርስ 41 ፐርሰንት ይላል።